አሥራ ሁለት ኪሎ የጎደለው አኩሪ አተር

ናሱናን ሌባ ያሰኛት ሚዛን ነው። ምላስ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ካሶንጎ ላይ ምላስ ያልነካው ሰው የለም፤ ቄሱም አልቀሩ፣ የሞቱትም አልቀሩ። ሚዛን ግን አፍ የለውም። አፍ የሌለው ነገር ሲመሰክርባት ምን ብላ ትመልስለት?

መቶ ኪሎ ጥሬ አኩሪ አተር መዝነው ሰጧት፤ ቆልታ መለሰችላቸው፤ ሲመዘን ሰማንያ ስምንት ሆኖ ተገኘ። በሳምንቱ እንደገና መቶ ሰጧት፤ እንደገና ሰማንያ ስምንት። በሦስተኛው ሰማንያ ሰባት ተኩል። የአሳማ አርቢዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ሴምፒጃ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ጻፈ። ጽፎ ሲጨርስ አንገቱን ነቀነቀና፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ "እጇ ለምዷል" አለ።

እጇ ለምዷል። እውነት ነው፣ እጇ ብዙ ነገር ለምዷል። እሳት ለምዷል፣ አካፋ ለምዷል፣ የአሳማ ፍግ ለምዷል። የሰው እቃ ግን አልለመደም። ሴምፒጃ ያንን ቃል በተናገረ ሰዓት ናሱና ከመጋዘኑ በረንዳ በታች ቆማ ባዶ ጆንያዋን እያጣጠፈች ነበር። ጆንያውን አጣጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። ብዙ ሰው ፊት አፏ የሚከፈት ሴት አይደለችም።

ከማሳካ ከተማ በታች፣ ካሶንጎ ኮረብታ ላይ፣ ናሱና ብሎ የሚጠራት ሰው የለም። ሁሉም ናሎንጎ ነው የሚላት። መንታ የወለደች ሴት እዚያ አገር ናሎንጎ ናት፤ አባትና እናቷ ያወጡላት ስም ለመታወቂያ ብቻ ይቀራል። ልጆቿ ባቢርዬና ናካቶ አድገው፣ አግብተው፣ ካምፓላ ገብተዋል። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሷ በሙዝ ማሳዋ መሀል ባለችው ቤት፣ ከአንዲት እናት አሳማና ከግልገሎቿ ጋር ትኖራለች። ሃምሳዎቹን አጋምሳለች። ቀጭን ናት፣ መዳፏ ግን እንደ ወንድ ሰፊ ነው።

አሳማን ያወቀችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በአቅራቢያው ያለ የሴቶች ገዳም መነኮሳት አሳማ ሲያረቡ ጋጣ እንድታጥብ ቀጠሯት፤ አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ኖረች። መነኮሳቱ መሀል ሲስተር ኮንሶላታ የምትባል ምላሰ መራራ ሴት ነበረች። ይህች መነኩሲት ጋጣ አጣቢ ይማራል አይማርም ብላ አትጠይቅም፤ ያወቀችውን ያገኘችው ሰው ላይ ታፈሳለች። አንድ ጊዜ በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ግልገሎች ጎን ለጎን አቆመችና፣ አንደኛው የሌላኛውን እጥፍ ሆኖ ሳለ፣ "ሁለቱም እኩል ነው የበሉት። ለምን ይመስልሻል?" አለቻት።

"የአሳማ ሥጋ አጥር ነው ብለሽ ያዢው" አለች ሲስተር። "አጥር ለማጠር ካስማ ትፈልጊያለሽ፣ ሸምበቆ ትፈልጊያለሽ፣ ማሰሪያ ልጥ ትፈልጊያለሽ። በቆሎ ውስጥ ሸምበቆው ሞልቷል፤ ልጡ ነው የሚያንሰው። ልጡ ያለቀ ሰዓት አጥሩ እዚያው ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሸምበቆ ብትከምሪ ክምር ነው እንጂ አጥር አይሆንም።"

የተማሩት እነዚያን የሥጋ መሥሪያዎች አሚኖ አሲድ ይሏቸዋል። ልጡን ደግሞ ላይሲን ይሉታል። ናሱና ስሞቹን ሰምታ ያዘቻቸው እንጂ ለሰው ተናግራቸው አታውቅም፤ አፏ ውስጥ የሰው ጥርስ እንደ ገባ ያህል ይከብዷታል። ነገሩን ግን ከሲስተር በላይ አወቀችው። ልጥ ያጠረው ግልገል ሆዱ ይነፋል እንጂ ወገቡ አይረዝምም። ጠጉሩ ይቆማል። የተረፈው ሸምበቆ ደግሞ ከንቱ ሆኖ በሽንት ስለሚወጣ ጋጣው ዓይን እስኪያቃጥል ይከረፋል። ጋጣ ስትገባ በአፍንጫዋ ነው የምታውቀው፤ ግልገሎቹን ሳታይ መኖው ምን እንዳጠረው ትናገራለች።

ልጡ ያለው ሙኬኔ በሚሏት የሐይቅ ትንሽ ዓሣና በአኩሪ አተር ውስጥ ነው። አኩሪ አተር ግን ተንኮለኛ ነው። ጥሬውን የበላ ግልገል ልጡን ይውጠዋል እንጂ ፈትቶ አይጠቀምበትም፤ ፍሬው ውስጥ የግልገሉን ሆድ የሚቆልፍ ነገር አለ። ቁልፉን የሚሰብረው እሳት ነው። እሳቱ ሲበዛ ደግሞ ልጡ ራሱ ያራል። ስለዚህ መቁላት የማንም ሥራ አይደለም። ናሱና ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ሦስት ድንጋይ ላይ ታስቀምጥና ከንጋት ጀምሮ በእንጨት አካፋ ታገላብጣለች። ፍሬው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ያልበዋል፣ ቀጥሎ ቆዳው ጠስ ጠስ ይላል። ያን ጊዜ አንድ ፍሬ ታነሣና ትነክሳለች። ሣር ሣር ካለ፣ ምላስ ላይ ከመረረ፣ ገና ነው። ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ለውዝ ለውዝ ካለ በአንድ ትንፋሽ ከእሳት ታወርደዋለች።

የካሶንጎ አሳማ አርቢዎች ማኅበር ሲቋቋም ይህንን ሥራ ለእሷ ሰጧት። አርባ አባወራና እማወራ ነው። ሁሉም ከማሳው ያመረተውን አኩሪ አተር መጋዘን ያስገባል፣ እሷ ትቆላለች፣ ከበቆሎ ፉርሽካና ከሙኬኔ ጋር ተፈጭቶ ይቀላቀላል፣ ጡት ለጣሉ ግልገሎች ይታደላል። ስድስት ዓመት እንዲህ ሆኖ ኖረ። የካሶንጎን ግልገል የማሳካ ሥጋ ጠባሾች በሩቁ ያውቁት ነበር፤ ወገቡ ረጅም፣ ታፋው ሙሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ መዝነህ ስጣት፣ መዝነህ ተቀበላት ያለ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሴምፒጃ ሊቀመንበር ሆነ።

ሴምፒጃ ሃያ ሁለት ዓመት የቡና ገዢ መጋዘን መዛኝ ነበር። መጋዘኑ ሲዘጋ ሚዛኑን ገዝቶ ቤቱ አስገባው። የእርሱ ቃል በእግዜር ቃል ግርጌ የምትጻፍ ነበረች፤ የሚዛኑን ብረት ገፋ አድርጎ ቁጥር ከጠራ አይከራከሩትም። ሰውየው ራሱ አይሰርቅም። የሚያናድደውም ይኸው ነው። ሌባ ቢሆን ሌባ ትለው ነበር። እሱ ግን ከልቡ አምኖበት ነው ስሟን ያነሣው።

ስብሰባው የተጠራው እዚያው መጋዘኑ በረንዳ ላይ ነው። ናሱና እንደ አገሩ ደንብ ተንበርክካ ሰላምታ ሰጠች፤ ሴምፒጃ ተቀበላት፤ ቀጥሎ አሥራ ሁለት ኪሎው የት እንደሚሄድ ጠየቃት።

"እሳት ነዋ የሚበላው ሴቦ" አለች፤ እዚያ አገር ወንድን በአክብሮት ሲጠሩት ሴቦ ነው የሚሉት።

ሳቁ። ከኋላ አንዱ፣ እሳቱ ጆንያ ተሸክሞ በየት በኩል እንደሚሄድ ያየ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ የናሎንጎ እሳት ጥርስ አለው እንጂ የኛ ቤት እሳት እንጨት ብቻ ነው የሚበላው አለ። ሳቁ እየጨመረ ሄደ። ናሱና ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ፍሬው ሲያልበው እንዳዩ፣ በርሜሉ ላይ ጢስ የሚመስለው ጢስ እንዳልሆነ። ሳቁ ግን ቀደማት። ዓይኗ ወዳጇን ናካዉንዴን ፈለገ። ናካዉንዴ አጥር የምትዋሰናት፣ ሠላሳ ዓመት ጨውና ፍም የተበዳደረቻት ሴት ናት። ናካዉንዴ የቀሚሷን ጫፍ ታያለች።

ተወሰነ። ከእንግዲህ አኩሪ አተር አይቆላም፤ ጥሬውን ፀሐይ ላይ አድርቀው በቀጥታ ይፈጫል። መቶ ገብቶ መቶ ይወጣል። ማገዶም ይተርፋል። አጨበጨቡ።

ናሱና በርሜሏን ራሷ ላይ ተሸክማ ወደ ቤቷ ወረደች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው ሁሉ በርሜሉን አየ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ይቆላ ጀመር።

የራሷን አላቆመችም። ከማሳዋ ጥግ የዘራችው አኩሪ አተር አለ፤ እሱን ቆልታ ዘጠኙን ግልገሎቿን መገበች። የሷም፣ የናካዉንዴም፣ የሴምፒጃም ግልገሎች በአንድ ሳምንት የተወለዱ፣ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። መንደሩ ውስጥ ያለው አውራ አሳማ አንድ ነው፤ ጃጃ ሉቴጋ፣ አያት ሉቴጋ እንደ ማለት፣ የሚባሉ ሽማግሌ በገመድ እየጎተቱ ከቤት ቤት ይወስዱታል፣ ለሠርግ የሚሄድ ሙሽራ ይመስል አንገቱ ላይ ጨርቅ ያስሩለታል።

ጡት ከጣሉ በአምስተኛው ሳምንት የናሱና ግልገሎች ጉልበቷ ጋ ደረሱ። ጆሯቸው ሮዝ፣ ወገባቸው እንደ አግዳሚ የተዘረጋ። ናሱና ኩራትም ፍርሃትም ተሰማት። በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ናካዉንዴ ጋጣ ስታይ ያ ሽታ መጣ፤ ዓይን የሚያቃጥለው። ሳትጠራ ገባች። ግልገሎቹ ድመት ያክላሉ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ አከርካሪያቸው እንደ መጋዝ ወጥቶ፣ ጠጉራቸው ቆሞ፣ ቆዳቸው ቅርፊት አውጥቶ፣ በቆሙበት ይንቀጠቀጣሉ። ገንዳው ሙሉ ነው። ይበላሉ እኮ፣ ቀኑን ሙሉ ይበላሉ።

ናካዉንዴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ናሱና ቀስ ብላ፣ የሰው ልጅ የታመመበት ቤት የገባች ያህል ቀስ ብላ፣ መኖው ጥሬ መሆኑን፣ ቢያንስ በቤት ድስት እንኳ አኩሪ አተሩን ለይታ ብትቆላላቸው በሁለት ሳምንት ለውጥ እንደምታይ ነገረቻት። ናካዉንዴ ሰማቻት። ሰምታ ስትጨርስ ያለችው ይህ ነው፦

"የአንቺዎቹ ለምን እንደደለቡ ሰው ሁሉ ያውቃል ናሎንጎ። የኛን አሥራ ሁለት ኪሎ ነው የሚበሉት።"

ናሱና ወጣች። በሩን አልዘጋችም። ቤቷ ገብታ ያን ቀን ጋጣዋን ሦስት ጊዜ አጠበችው። ግልገሎቹ ግራ ገብቷቸው ከጥግ ጥግ ይሸሹ ነበር። ሴምፒጃ ቢላት መዛኝ ነው፣ ብረት ያየ ዓይን ነው ትላለች። ናካዉንዴ ግን ምጥ ላይ እጇን የያዘቻት ሴት ናት። መንታዎቹ ሲወለዱ ለሁለተኛዋ ልጅ ጨርቅ አጥታ የራሷን ነጠላ ቀድዳ የጠቀለለቻት እሷ ናት። አሁን የእነዚያ የግልገሎቿ ሮዝ ጆሮ ሳይቀር ምስክር ሆኖባት ቁጭ አለ። ቢከሱ ኖሮ "ሠርታ አታውቅም" ይሏት ነበር። ሲደልቡ "ሰርቃ ነው" አሏት። ምን ታድርግ? ትግደላቸው?

የማኅበሩ ግልገሎች ሳምንት በሳምንት እየባሱ ሄዱ። ከሴምፒጃ ጋጣ ሁለት ሞቱ። ሴምፒጃ መኖ ጨመረ፤ ሆዳቸው ብቻ ጨመረ። መድኃኒት ወጋ፤ መርፌው የሚገባበት ሥጋ አጣ። በዚያን ጊዜ ነው ወሬው ፊቱን ያዞረው። የማን አፍ እንደጀመረው አይታወቅም። የመንታ እናት ስትከፋ የመንታዎቹ መንፈስ የሰው ቆዳ ይልጣል ይባላል እዚያ አገር፤ የግልገሎቹ ቆዳ ደግሞ እየተላጠ ነው። ሁለት ሁለት ሲደመር አራት ሆነላቸው። አሁን ከሩቅ ሲያዩዋት መንገድ የሚለቁ መጡ። በፊት የሳቁባት ሴቶች ጭቃ ላይ ሳይቀር ተንበርክከው "ናሎንጎ እንዴት አደሩ" ይሏታል፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ግን አክብሮት አይደለም።

ናሱና ይህን ስትሰማ ከመጀመሪያው ይልቅ ነደደች። ሌባ ሲሏት ቢያንስ በእጇ ሠራች ማለታቸው ነበር። አሁን እጇም ቀረ፤ እሳቱም፣ አካፋውም፣ አሥራ አንድ ዓመት የተማረችውም፣ ስድስት ዓመት የቆላችውም ሁሉ ከንቱ ሆኖ፣ ነገሩ ሁሉ የመንፈስ ቁጣ ሆነ። ስለ አኩሪ አተሩ የሚጠይቃት አንድ ሰው ጠፋ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰው ሆነው መጡ፤ ሴምፒጃ፣ ጃጃ ሉቴጋና ናካዉንዴ። ናሱና ገንዳ እያጠበች ነበር። አልተንበረከከችም፤ እጄ ጭቃ ነው እንኳ አላለችም። ናካዉንዴ ነጭ አውራ ዶሮ አቅፋለች። ጃጃ ሉቴጋ ከዛፍ ልጥ የተወቀጠውን የክብር ልብስ በክንዳቸው ይዘዋል። ሴምፒጃ ደግሞ ለእንግዳ የሚቀርበውን የሚታኘክ የቡና ፍሬ በትንሽ ሙዳይ ይዞ፣ ትናንት "አንቺ" ይላት የነበረው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ናሎንጎ፣ ጥፋታችንን አውቀናል። መንታዎቹን ይለምኑልን፣ የታሰረውን ይፍቱልን" አላት። ሙዳዩን በሁለት እጁ ዘረጋላት።

ናሱና ሙዳዩን አየችው። ዶሮውን አየችው። ብትቀበል ነገሩ አለቀ። ሰው ይፈራታል፣ ማገዶ እንኳ ይሸከምላታል፣ ዕድሜ ልኳን ከፊቷ ቀና ብሎ የሚናገራት አይኖርም። ብትቀበል ግን ረግማለች ማለት ነው። ሌብነቱም አብሮ ይቀመጣል፤ ሰርቃ ተነቃባት፣ ተነቅቶባት ረገመች፣ ለምነናት ፈታች፤ ታሪኳ ይህ ይሆናል፣ ለባቢርዬና ለናካቶ ልጆች ሳይቀር።

ያም ሆኖ እጇ ሳይታወቃት ከሙዳዩ አንድ ፍሬ አነሣች። ጥርሷ ላይ አድርጋ ሰበረችው። ቀጭ አለ፤ ደረቅ ነው።

ድምፁ ነው የመለሳት። ባሏ በሕይወት እያለ፣ አንድ የመኸር ወቅት፣ ስልሳ ኪሎ ቡና በሁለት ጆንያ ይዘው መጋዘን ሄደው ነበር። ይኸው ሴምፒጃ እጁን ጆንያ ውስጥ ከቶ፣ ፍሬ አውጥቶ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ "ውሃ አለው" አለ። ብረቱን ወደኋላ ገፋው። ስልሳው ሃምሳ ሦስት ሆነ። ባሏ ሊከራከር ሲሞክር፣ "ሴቦ፣ ነገ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የሚጠፋ ነው፤ እኔ ውሃ አልገዛም" አለው። ባሏ የሃምሳ ሦስቱን ገንዘብ ተቀብሎ ባዶ ጆንያዎቹን ጠቅልሎ ተመለሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰውዬ ከአገሩ ሁሉ ቡና ላይ ውሃ ሲቀንስ ኖሯል። ውሃ ከፍሬ እንደሚወጣ፣ ሲወጣ ኪሎ ይዞ እንደሚሄድ፣ ካሶንጎ ላይ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ደሟ ፈላ። የቀረውን ግማሽ ፍሬ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

"ዶሮውን ይዛችሁ ሂዱ" አለች። "ያላሰርኩትን አልፈታም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሚዛኑን አውጣ። ሃምሳ ኪሎ ጥሬ መዝን፤ በርሜሉን እኔ አመጣለሁ። የምትቆላው ግን አንተ ነህ።"

ሴምፒጃ "አንተ" መባሉን ሰምቶ ሙዳዩን ወደ ደረቱ ሰበሰበ። ጃጃ ሉቴጋ ጢማቸውን አሹ። "እውነቷን ነው" አሉ ወደ በሩ እየዞሩ፣ "ዶሮውም ቢሆን ያረጀ ነው።"

እሑድ ማኅበሩ በሙሉ መጋዘኑ ፊት ተሰበሰበ። ሚዛኑ ወጣ። ሃምሳ ተመዘነ፤ ናሱና ቆማ እንዲያዩት ያልቀረበ ካለ እንዲቀርብ ጠየቀች፣ ቀርበው አዩ። ሴምፒጃ የእሑድ ሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ እሳቱ ሥር ተንበርክኮ እፍ ማለት ጀመረ። ጃጃ ሉቴጋ ለጎናቸው ሰው፣ ዕድሜ ሰጥቶኝ ሊቀመንበር ለናሎንጎ ሲንበረከክ አየሁ አሉት፤ ሳቁ ዞረ። ናሱና አልሳቀችም። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አካፋውን ብቻ ታያለች።

በቶሎ ደከመው። አካፋው እጁ ላይ ውሃ አቋጠረ። ፍሬው ማላብ ሲጀምር ወደ ኋላ ሸሸ፣ እንፋሎቱ ፊቱን መታው። እንፋሎቱን ሁሉም አየ። ቆዳው ጠስ ጠስ እንዳለ ሴምፒጃ፣ በቃ፣ በስሏል ብሎ አወረደው። ሲቀዘቅዝ ተመዘነ። አርባ ስድስት።

ሴምፒጃ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ላቡ እየወረደ ፈገግታ መጣበት። አራት ኪሎ ነው የጎደለው አለ፤ እሳት አራት ከበላ ለመቶው ስምንት ነው፤ እሷ ግን አሥራ ሁለት ነበር የምታጎድለው፤ የቀረውን አራት የበላው ማነው? ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። ከኋላ "እኔስ ብያለሁ" የሚል ተሰማ።

ናሱና ወደ ክምሩ ሄደች። አንድ ፍሬ አነሣች፣ ነከሰች፣ ተፋችው። ሌላ አነሣችና ለናካዉንዴ ሰጠቻት። ናካዉንዴ እየፈራች ነከሰች። ፊቷ ተጨማደደ።

"ምን ምን ይላል?" አለቻት ናሱና።

"ሣር" አለች ናካዉንዴ። "ይመራል።"

ናሱና ወደ ሴምፒጃ ዞረች። "ገና ነው" አለችው። "ቁላ።"

ቆላ። ምን ያድርግ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ከእንግዲህ እሷ ናት ፍሬ እያነሣች የምትነክሰው፤ ሁለት ጊዜ ገና ነው አለች፣ በሦስተኛው አካፋውን ከእጁ ነጥቃ ራሷ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ቀዘቀዘ። ሚዛን ላይ ወጣ። ሴምፒጃ ብረቱን ገፋ፣ መለሰ፣ እንደገና ገፋ። ቁጥሩን አልጠራም። ጃጃ ሉቴጋ ጎንበስ ብለው አዩና እሳቸው ጠሩት፤ አርባ አራት።

"ስድስት ኪሎ ጎደለ" አለች ናሱና። ድምፏ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማት። "እኔ ከነከስኳቸው ፍሬዎች በቀር አልወሰድኩም። እሳቱ ከነደደ እስከ አሁን አጠገቡ ያለኸው አንተ ነህ። ታዲያ ኪስህ ይፈተሽ?"

ማንም አልሳቀም። ናሱና ከቀሚሷ መቀነት ውስጥ ያን የቡና ፍሬ ግማሽ አወጣችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄን ታውቀዋለህ። ባሌ ስልሳ አምጥቶልህ ሰባት ቀንሰሃል። የጃጃ ሉቴጋን ቀንሰሃል፣ የናካዉንዴን ቀንሰሃል፣ እዚህ ከቆመው ያልቀነስክበት የለም። ውሃ ነው አልክ፤ አመንንህ። ሃያ ሁለት ዓመት ከኛ ጆንያ ሲወጣ ውሃ የነበረው፣ ከኔ በርሜል ሲወጣ በምን ስርቆት ሆነ?"

ሴምፒጃ ፍሬዋን አያት። አካፋ የላጠው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ውሃ ነው" አለ በመጨረሻ። "አላሰብኩትም። እውነቴን ነው ናሎንጎ፣ ቡና እንጂ... አላሰብኩትም።"

"ስለ ውሃው አልጠየቅኩህም።"

"አልሰረቀችም" አለ፣ ወደ መሬት።

ጃጃ ሉቴጋ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደግፈው፣ የሽማግሌ ጆሮ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ጮክ ብለህ ነበር የተናገርከው አሉት። ሴምፒጃ ቀና አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በረንዳው ላይ ወጣ፤ ያኔ የቆመባት ቦታ ላይ ቆመ።

"ናሎንጎ አልሰረቀችም። አልረገመችምም። ግልገሎቹን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ጥሬ ያበላሁ።"

ናሱና ይህንን ቃል ስትሰማ የሚቀልላት መስሏት ነበር፤ ወራት ሙሉ በዓይነ ኅሊናዋ ስታየው። አልቀለላትም። ናካዉንዴ እያለቀሰች ልትጠጋት ስትል እጇን ዘርግታ አቆመቻት። ዛሬ አትምጪ አለቻት፤ ሌላ ቀን ትመጫለሽ፣ ዛሬ ግን አትምጪ። በርሜሏንም እዚያው ትታው ሄደች።

ሰኞ ጠዋት ስትነቃ በርሜሉ በሯ ላይ ነበር፤ ታጥቦ። አጠገቡ መቶ ኪሎ አኩሪ አተርና የተፈለጠ ማገዶ። ሴምፒጃ ሚዛኑን ራሱ በጋሪ አምጥቶ ጥላው ሥር ተክሎ ሄዷል። ናሱና ቆማ ብዙ አየችው። እሳቱን ብታነድ ይቅር አለች ይላሉ። ባታነድ ደግሞ እዚያ ማዶ ድመት የሚያካክሉት ይንቀጠቀጣሉ። ከእነሱም ያለፈባቸው አሉ፤ በዚያ ዕድሜ የቆመ አጥር ኋላ ልጥ ቢመጣለትም እንደ ጓደኛው አይረዝምም። እሱን እያወቀች ነው የምትቆላው። ግልገሎቹ ግን ሌባ አላሏትም።

እሳቱን አነደደች። ጥርሷን ነክሳ ነው ያነደደችው። አካፋውን ስታዞር በርሜሉ ከድንጋዩ ጋር ይንኳኳል፤ ማዶ ላለው ሰው ሁሉ ይሰማል።

ረፋድ ላይ ጃጃ ሉቴጋ አውራ አሳማቸውን እየጎተቱ አለፉ። ቆም ብለው አዩዋት፤ አካፋው ሲወጣ ሲወርድ፣ ግንባሯ እንደተቋጠረ።

"እንዴት ነው ልጄ፣" አሏት፣ "ንዴቱ ወጣልሽ?"

ናሱና ከበርሜሉ አንድ ፍሬ አንሥታ ነከሰች። ተፋችው።

"ገና ነው ጃጃ" አለችና አካፋዋን መለሰች።